ለሞተሬ የኋላ ሳጥን ስንት ሊትር ይሁን?

በሞተረኞች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ሞተሬ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ናት። በሳምንት አምስት ቀን በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። በወር አንዴ ደግሞ ወይ ወልድያ ወይ አዲስ አበባ አለሁ። እስከዛሬ ዕቃዬን በጀርባ ቦርሳ ተሸክሜ ትከሻዬ አለቀ። ስለዚህ ከኋላ የሚገጠም፣ ሲፈለግ በቁልፍ ተነቅሎ እንደ ሻንጣ የሚያዝ ሳጥን ልገዛ ነው። 30 ሊትር፣ 45 ወይስ 55? ፕላስቲክ ይሻላል አሉሚኒየም?

ይህን ለጥፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ሁለት ሦስት ሰው ቁጥር ይነግረኛል፣ በቃ ብዬ ነበር። በስድስት ቀን 34 መልስ መጣ። ስለ ሊትር ያወሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ስለ ደህንነቴ ጠይቆ ሲያበቃ፣ በሳጥኑ ውስጥ ምን ምን እንደምይዝ ጠየቀኝ። ትንሽ ከነከነኝ። እኔ ስለ ሊትር ስጠይቅ እሱ ጓዳዬን ያስቆጥረኛል። ሳልመልስለት አለፍኩ። ጥፋቴ እዚያ ጋ ነበር።

2ኛው 55 ብሎ ሄደ። ምክንያት የለም፣ ሰላምታም የለም።

3ኛዋ ሐይቅ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ያማሃ ኤጂ 100 ነው የምትነዳው፣ የክትባት ማቀዝቀዣዋን በካላማዳሪያ ጠፍራ ገጠር ለገጠር ትዞራለች። የ2ኛውን ምክር ገና ዕቃ ጭኖ የማያውቅ ሰው ምክር አደረገችው። በእሷ አባባል ሰፊ ሳጥን ባዶውን አያድርም። መጀመሪያ የዝናብ ልብስ ይገባል፣ ቀጥሎ መፍቻ፣ ቀጥሎ የጎረቤት አደራ። ልኩን በሊትር ከማሰብ በሄልሜት ማሰብ እንደሚቀል ነገረችኝ። 30 ሊትር አንድ ሙሉ ሄልሜት በመከራ ይይዛል። 45 አካባቢ ሲደርስ፣ እንደ ቅርጹ፣ ሁለት ይገባል። ግን የሄልሜቱም ቅርጽ አንድ ስላልሆነ የራሴን ይዤ ሄጄ ሱቁ ውስጥ ከትቼ፣ ክዳኑን ዘግቼ እንድሞክር መከረችኝ። ከሁሉም በፊት የጠቀመኝ መልስ ይሄ ነው።

4ኛው መልስ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡኝ። የኋላውን ጎማ መሀል ድጅኖ እንደሚደገፍበት ድንጋይ አድርጌ እንዳስበው አዘዙኝ። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 1.5 ሜትር ይሁን። የሳጥኑ መሀል ደግሞ ከኋላ ጎማ መሀል 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ ይቀመጥ። ሳጥኑ ከነዕቃው 15 ኪሎ ቢመዝን፣ የፊት ጎማ ላይ ካረፈው ክብደት 5 ኪሎ ተነሳ ማለት ነው። የኋላው ጎማ ላይ የሚጨመረው ግን 15 ብቻ አይደለም፤ 20 ኪሎ ነው። ድጅኖው ጫፉ ላይ ሲጫኑት ሌላው ጫፍ ብድግ እንደሚለው። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሽቅቡ ራሱ ክብደቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚያ ላይ ሰው ከኋላ ከተቀመጠ መሪው ጥምዝ ላይ ይቀላል፣ ፊቷ አልታዘዝ ትላለች። ስለዚህ ሊትር ከመጠየቄ በፊት ኪሎ እንድጠይቅ፣ የኋላውን ሾክ ስፕሪንግም ጠበቅ እንዳደርግ መከሩኝ።

5ኛው ይህን አንብቦ ተቆጣ። በቦክሰር ሞተሩ 50 ኪሎ ጤፍ ከገበያ ቤቱ የሚያመላልስ ሰው ነው። 15 ኪሎ ምን ሆነና ነው ይህ ሁሉ ሒሳብ ዓይነት ነገር ጻፈ። ሒሳብ ለክፍል ነው፣ መንገድ ላይ ጎማ ነው የሚሠራው ባይ ነው። ለሽማግሌ የሚጻፍ አጻጻፍ አልነበረም።

6ኛው የመምህሩ የድሮ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ለመምህሩ አንቱ እያለ ረጅም ሰላምታ አቀረበ። ከዚያ ወደ 5ኛው ዞሮ አንተ አለው። ጤፉ የሚጫነው ወንበር ላይ ነው፣ ከኋላ ጎማ መሀል ወደ ፊት። ሁለቱም ጎማ ይካፈሉታል። ሳጥኑ ግን ከጎማው ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው። ሰው ከመጻፉ በፊት ማንበብ አለበት ብሎ ደመደመ። 7ኛው መልስ እንደገና 5ኛው ሰውዬ ነው፤ ማንበቡን አንብቤያለሁ፣ መንዳቱን ግን እናንተ አልነዳችሁትም የሚል ይዘት ያለው አንድ መስመር። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሸነፉም።

8ኛው የዚህ ክር ጌጥ ነው። የወንድሙን የሠርግ ጥሪ ካርድ አሳትሞ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ነው ነገሩ የተከሰተው። ሳጥኑ አዲስ ነበር፣ በገጠመው በሁለተኛው ቀን። ሐረጎ አጋማሽ ላይ አንድ ጉድጓድ ሲዘል ከኋላው ጓ አለ። ዞር ሲል ሳጥኑ የለም። አስፋልቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንከባሎ ተከፍቷል፣ ካርዱ እንደ ርግብ ወደ ገደሉ እየበረረ ነው። ከኋላው የነበረው ከባድ መኪና ቆሞለት ረዳቱ ወርዶ አብሮት ለቀመ። እንደ ሰውዬው አነጋገር ሾፌሩ ከተለቀመው ካርድ አንዱን ኪሱ ከትቶ ኖሮ የሠርጉ ቀን ከች አለ። ይሄኛውን ማመን ከብዶኛል። ግን ወሎ ነው፣ ተጠርቶ የሚቀር የለም።

9ኛው ደግሞ ሳጥኑ ለምን እንደበረረ አስረዳ። ቁልፉ አልተሰበረም። የእነዚህ ሳጥኖች አሠራር እንዲህ ነው። ከታች ፖርቶመጋላው፣ ማለትም ከወንበሩ ጀርባ ያለው የዕቃ መጫኛ ላይ የሚታሰር መቀመጫ ሳህን አለ። ሳጥኑ ከፊት በኩል ከሆዱ ባሉ ጥርሶች ሳህኑ ላይ ይነክሳል፣ ከዚያ ከኋላ ተጭኖ ቀጭ ሲል ይቆለፋል። ሰው የሚሰማው ያችን ቀጭ ብቻ ነው። የፊቱ ጥርስ ሳይነክስም ቀጭ ሊል ይችላል። ያኔ ሳጥኑን የያዘው የኋላው መቆለፊያ ብቻ ይሆናል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ያ ብቻውን አይችለውም። መፍትሔው ከቀጭታው በኋላ የሳጥኑን የፊት ጫፍ ወደ ላይ መሳብ ነው። ሞተሯ አብራ ከተነሳች ነክሷል። ሳጥኑ ብቻውን ከተነሳ አውልቆ እንደገና። እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት ይህን ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። 8ኛው ሰውዬም በቺንጋ ደርቦ ማሰር ጀምሯል።

ከ10 እስከ 14 ያለውን ብዙም አልተርክም። ሐረጎ የሚል ቃል ከተነሳ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ዝም አይልም። አንዱ ስለ ጭጋጉ አወራ። ሌላዋ ጥምዝ ላይ መስመር ስለሚይዙ ከባድ መኪኖች ምሬቷን አወጣች። ቀጥሎ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ሲገባ ጃኬት መደረቡን፣ ሲወርድ ማውለቁን፣ ሳጥኑን የሚፈልገውም ለዚህ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። አንድ የደሴ ሰው አልዋጥ አለው። 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ላይ የትኛው ከተማ የትኛውን ያስንቃል የሚለው ክርክር እዚያው ተጀምሮ እዚያው ቀረ።

15ኛው መልስ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ካለው ሰው ነው። አንድ ፎቶ ለጠፈ። የተሰነጠቀ የሞተር ጭራ ቴላዮ፣ ማለትም የሞተሯን አካል የሚሸከመው ብረት ነው፣ ስንጥቁ ልክ ከወንበሩ በስተኋላ ብየዳው አጠገብ። ባለቤቱ ትልቅ ሳጥን ጭኖ በጠጠር መንገድ ወራት የነዳ ሰው ነበር። ብረት በአንድ ቀን ክብደት አይሰበርም፣ በመርገፍገፍ ነው የሚደክመው ሲል አብራራ። ከዚያ የሰጠው ምክር ረጅም ነው፣ እኔ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

በፍጹም ቴላዮው ላይ ምንም ነገር እንዳላስበይድ አስጠነቀቀኝ። ፖርቶመጋላ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ ፋብሪካው በተወልን ቀዳዳ። ለሌላ ጉዳይ ሞተሯ ላይ ብየዳ ግድ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይነቀል። የብየዳው ኤሌክትሪክ የሞተሯን ኮምፒዩተር ሊያቃጥለው ይችላል። ሳህኑ የሚያርፍበት ፖርቶመጋላ ስስ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይገባል፣ አራቱ ብሎን አራት ነጥብ ላይ ብቻ እንዳይጫን። ከብሎኑ ሥር የሚገባው ክብ ሮንዴላ ሰፊ ይሁን። በሳህኑና በብረቱ መሀል ጎማ ይግባ፣ ያለዚያ ሲንቀጫቀጭ ጆሮ ያደነቁራል። ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው ዳዶ ውስጡ ናይለን ያለው ዓይነት ይሁን፣ ተራ ዳዶ በንዝረት ይፈታል። ባለ 6 ሚሊ ብሎን ነው፣ የጎማ ብሎን አይደለም፤ ረጅም ቁልፍ ይዞ መታገል ጥርሱን ይበላዋል። መጀመሪያ 100 ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ዳግም ይፈተሽ።

አንዲት ብልሃት ጨመረ፣ እኔ የወደድኳት። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ጫፍ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር ማስመር። መስመሯ ከተቆረጠች ዳዶው ዞሯል። ቁልፍ ሳያነሱ በዓይን ብቻ ማየት ነው።

16ኛው አልወደደለትም። ይሄ ምክር ነው ማስታወቂያ ብሎ ጠየቀ። በዚያ ላይ የኛ ሰፈር ብየዳ ቤቶች የሚሠሩት የቱቦላሬ ፖርቶመጋላ ከሳጥኑ ራሱ ይከብዳል ሲል ወቀሰ። ሁለተኛው ነጥቡ እውነት አለበት። የመጀመሪያው ግን ያለአግባብ ነው፤ ሰውዬው ስልኩንም ሱቁንም አልጻፈም ነበር።

17ኛው የብየዳው ሰው ነው፣ ተናዶ። 16ኛውን ሚዛን ይዞ እንዲመጣ ጋበዘው። የሠራውን ፖርቶመጋላ እዚያው ይመዝኑታል፣ ከብዶ ከተገኘ በነፃ ይወስደዋል፣ ካልከበደ ግን ይቅርታውን በዚሁ መድረክ ይጽፋል። 16ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። 18ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ሆኖ ሁለቱም ቡና ጠጥተው እንዲመለሱ ለመነ።

ቡናው ሠርቷል መሰል፣ 19ኛዋ ስለ ቅቤ አወራች። ከደሴ ለአክስቷ አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ በፌስታል ጠቅልላ፣ ጥቁር ፕላስቲክ ሳጥኗ ውስጥ ከትታ ወረደች። ደሴ ስትነሳ ብርድ ነበር። ኮምቦልቻ ደርሳ ሞተሯን ፀሐይ ላይ አቁማ ጉዳይ ስትጨርስ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሳጥኑን ስትከፍተው ቅቤው ቀልጦ ምንጣፉን ጠጥቶታል። ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሄልሜቷ እስከ ዛሬ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ጥቁር ሳጥን ፀሐይ ላይ ምድጃ መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር። እኔም ላፕቶፕ ነው የምይዘው፣ እና አሰብኩበት።

20ኛው ፕላስቲክና አሉሚኒየሙን በአጭሩ ለየልኝ። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ሲወድቅም ተጣጥፎ የመመለስ ጠባይ አለው። አሉሚኒየሙ ይጎደጉዳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ በመዶሻ ይስተካከላል። ውስጡ ካልተለበሰ ግን እየተፋተገ ልብስና ወረቀት ላይ ግራጫ ጥላሸት ይተዋል። ለእኔ ዓይነት ነጭ ሸሚዝ ለባሽ ነገሩ እዚያው ተቆረጠ።

በዚህ መሀል እኔ አዲስ አበባ ያለ ያገለገለ የ45 ሊትር ጂቪ ሳጥን በሰው በሰው አግኝቼ ፎቶውን ለጠፍኩ። ክፍያ ልልክ ነበር። 21ኛው ቆይ አለኝ። ፎቶው ላይ ሳህኑ የታለ? ሳጥን ያለ ሳህኑ ባዶ ሻንጣ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሳህን የሌላውን ሳጥን አይቀበልም። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የጂቪ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ሞኖኪይ የሚባለው ለከባድ ሳጥን፣ ሞኖሎክ የሚባለው ለቀላል፣ ሳህናቸውም ለየብቻ ነው። ሻጩን ደውዬ ጠየቅኩ። ሳህኑን ከድሮ ሞተሩ ጋር ሸጦታል። ሳህን እስኪገኝ ድረስ ክፍያው ቆመ። በአራተኛው ቀን ከነሳህኑ ሌላ አገኘሁ። 21ኛው ሰውዬ ባያስቆመኝ ኖሮ ዛሬ ሳጥኑ ቤቴ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነበር።

22ኛው ስለ ጂቪ ስም ለማወቅ የጠየቀው ባይኖርም ነገረን። ጣሊያን ነው፣ ጁሴፔ ቪዜንዚ የሚባል የሞተር ውድድር ሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ያቋቋመው ፋብሪካ። ጂ እና ቪ የስሙ መነሻ ፊደሎች ናቸው። ይህን ተከትሎ 23፣ 24 እና 25 ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወጡ። ዳዶ ጣሊያንኛ ነው፣ ሮንዴላ ጣሊያንኛ ነው፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴላዮ፣ ፖርቶመጋላ። ጋራዥ ገብቶ አንድ ብሎን ለማጥበቅ ስንት የጣሊያን ቃል ይወጣል የሚል ቆጠራ ሆነ። ሳጥኑ ተረሳ። ደስ ይል ነበር ግን።

26ኛው መልስ የእኔ ነው። የ1ኛውን ሰው ጥያቄ ተመልሼ አነበብኩት፣ አፈርኩም። ሁልጊዜ የምይዘውን ዕቃ ሁሉ ሰብስቤ ሰፈራችን ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ስኳር የሚመዝንበትን ሚዛን ለቀቀልኝ፣ እየሳቀ። ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ 2.7 ኪሎ። የዝናብ ልብስ 1.9። መፍቻና የጎማ መንፊያ 3.4። የመቆለፊያ ሰንሰለት 2.6። ምሳ ዕቃና ውሃ 1.8። ወረቀት 1.2። ድምሩ 13.6 ኪሎ። ሳጥኑ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈበት ጽሑፍ ደግሞ ቢበዛ 10 ኪሎ ይላል፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ120 እንዳይበልጥ። ለሐረጎ ፍጥነቱ አያሳስብም። ኪሎው ግን አለፈ። የባዶ ሳጥኑን 4.3 ኪሎ እንኳ ገና አልጨመርኩም።

ሰንሰለቱን የምጠቀመው ኮምቦልቻ ብቻ ስለሆነ እዚያው መሥሪያ ቤት ተውኩት። ለስንት ጊዜ ሐረጎን ሲወጣና ሲወርድ እንደኖረ አስቡት። መፍቻውን ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ላይ በምትታሰር ትንሽ ቦርሳ አደረግኩት። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው 7.6 ኪሎ ነው።

27ኛው መምህሩ ናቸው። ጎበዝ አሉኝና ሒሳቡን እንደገና ሠሩት። ሳጥኑን ጨምሮ 12 ኪሎ እንበል። የፊቱ ጎማ 4 ኪሎ ያጣል፣ የኋላው 16 ይጨምራል። ሰንሰለቱን ማውጣቴ ሊትር ከመቀነስ ይበልጣል ሲሉ ጻፉ። በዚህ ዕድሜዬ ጎበዝ መባል እንዲህ ያስደስታል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

28ኛው ሳጥኑ ስቶፕ መብራቱንና ታርጋውን እንዳይጋርድ፣ ትራፊክ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለው አይሱዙም እንዲያየኝ አስታወሰ። 29ኛዋ ስለ ባለቤቴ ጠየቀች። እንዳላገባሁ አድርጎ የጻፈው ሰው ሁሉ አስገርሟት ነበር። የኋላ ተቀማጭ ካለ ሳጥኑ ወደ ኋላ በዛ ብሎ እንዳይሸሽ፣ ጀርባ ላይም መደገፊያ ስፖንጅ እንዳይረሳ አለች። ነጠላ ወይም ሻርፕ ከሳጥኑና ከወንበሩ መሀል ወደ ካቴና እንዳይንጠለጠልም አደራ ብላለች። ሳጥኑ ነጠላውን አይይዘውም፣ ጎማው ግን ይይዘዋል። ይህን ማንም ወንድ አላሰበውም።

30ኛው ትርፍ ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ እንዳይቀመጥ ነገረኝ። ስቄ ሳበቃ የት እንዳለ ፈለግኩት። ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

31ኛው መልስ ላይ ያ የጤፍ ሰውዬ ተመለሰ። ድምፁ ለስልሷል። ለቦክሰር የሚሆን ትንሽ ሳጥን የት እንደሚገኝ ጠየቀ፣ ለልጁ ደብተርና ለዝናብ ልብስ። 32ኛው የመምህሩ ተማሪ ነው፣ ያ የተጣላው። አድራሻ በውስጥ መስመር ላከለት፣ አንተነቱም ቀርቶ ወንድሜ ሆኗል።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርጄ የብየዳው ሰው ዘንድ ሄድኩ። የራሴን የፋብሪካ ፖርቶመጋላ አየና ሌላ አያስፈልግህም ብሎ ገበያውን በራሱ እጅ ዘጋ። ላሜራ ቆርጦ ጠርዙን በሞረድ ሞርዶ ከሥር አስገባልኝ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ አራት ክብ ጎማ በመቀስ ቆረጠ። ሳህኑን እኔ አሰርኩ፣ እሱ ቆሞ አየኝ። ሦስተኛውን ብሎን ሳጠብቅ እጄን ያዘኝና በቃ አለኝ። የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ይዤ ነበር፣ ቀይ። አራት ቀይ መስመር አሰመርኩ። ሳጥኑን አስነከስኩት፣ ቀጭ አለ፣ የፊት ጫፉን ይዤ ሳብኩ። ሞተሯ አብራ ተነሳች። ለሥራው ያስከፈለኝ የላሜራውን ብቻ ነው። ሽቅቡን ስመለስ የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ልዩነቱ ተሰማኝ፣ ትንሽ ነው ግን አለ።

ይህን 33ኛ መልስ አድርጌ ከፎቶው ጋር ለጠፍኩት። 16ኛው ሰውዬ አውራ ጣት አደረገበት፣ ያለ ቃል።

34ኛው የብየዳው ሰው ነው። ሰላምታ የለውም። 10 ቁጥር ቁልፉን በሳጥኔ ይዤበት እንደሄድኩ ነው የጻፈው። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ቁልፉ እዚያው አለ። ሰኞ ስወርድ አደርስለታለሁ።